ቅዳሜ የሚገባው ሽማግሌ

በረከት የሞተው አርብ እኩለ ቀን ላይ፣ እንጀራ ከሚበላባት መኪና ሥር ተኝቶ ነው። ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ወደ ወገዳ በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ አይሱዙዋ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አዙራ ቆማ ነበር። እሱ የላላ ብሎን ሊያይ ከሥሯ ገባ። መኪናዋ ወደ ኋላ ሸሸች፣ የፊት ጎማዋ በደረቱ ላይ ሄደ፣ ከባሕር ዛፉ አጥር ስትደርስም ቆመች። ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ለቀስተኛው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ዋና ኢንስፔክተር ዓለምጸሐይ ከደብረ ታቦር ደረሰች። ብዙ አታወራም፤ ስታወራም አትለሳለስም። ሰው «እግዜር ያመጣው ነው» ሲላት «እግዜር ያመጣውን ለቄስ ንገሩ፣ ሰው ያመጣውን ለእኔ» ብላ ትመልሳለች ይባላል።

ጣቢያው ውስጥ መካኒኩ ይታየው ታስሯል። ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በእሱ ላይ ነው። ረቡዕ ዕለት ከበረከት ጋር ተጣልቶ «አንተን ነው ገጭቶ መሄድ!» ሲል ሻይ ቤት የነበረ ሁሉ ሰምቷል። አርብ ደግሞ ከአደጋው ቦታ ሲሮጥ ገበሬዎች አይተውታል። የመኪናዋን የእጅ ፍሬን ባለፈው ሳምንት የጠገነውም እሱ ነው።

የሟቹ ታላቅ ወንድም አዲሱ ከስማዳ መጥቶ የጣቢያው በር ላይ ተቀምጧል። እህል አልቀመሰም፣ ለሰላምታም አልተነሳም። «ዓርባው ሳይወጣ የወንድሜን ደም እመልሳለሁ» ማለቱን ያልሰማ የለም።

«ለራሱ ብለን ነው የያዝነው» አላት ተረኛው ፖሊስ። «ዛሬ ብንፈታው ነገ ይቀበራል።»

«ገዳዩ ሌላ ከሆነስ?»

«እሱን አዲሱን ማሳመን ነዋ፣ ኢንስፔክተር።»

መጀመሪያ የሄደችው ወደ መኪናዋ ነው። ተረኛው ፖሊስና ዘካርያስ አብረዋት ወረዱ። ዘካርያስና በረከት ይህችን አንድ አይሱዙ እየተቀያየሩ ሲነዱ ዓመታት አልፈዋል፤ ረዳት የላቸውም፣ አንዱ ሲነዳ ሌላው ረዳት ነው። ዘካርያስ ዓይኑ ቀልቷል፣ ድምፁም ሻክሯል።

ጋቢናውን ከፍታ አየች። የእጅ ፍሬኑ እንደ ተሳበ ነው።

«ከአደጋው በኋላ ማንም አልነካውም» አለ ፖሊሱ። «ተስቦ እያለ ነው የሸሸችው። አልያዘም ማለት ነው።»

ዓለምጸሐይ ወጥታ መሪው ላይ ተቀመጠች። መኪናዋን አስነስታ ወደ ቀድሞ ቦታዋ መለሰቻት፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ወረደችና ጠበቀች። መኪናዋ እንደ ተተከለች ቀረች። ፖሊሱ በትከሻው ቢገፋት፣ ሁለት መንገደኞች ጠርቶ ቢያስገፋት ወይ ፍንክች።

«ይታየው ጥሩ መካኒክ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ዘካርያስ ዞረች። «ታኮ አላደረጋችሁም ነበር?»

«አድርገናል። ድንጋይ ከኋላ ጎማው ሥር አስገብተናል። ተንሸራቶ ይሆናል።»

ድንጋዩን ፈልጋ አገኘችው። የጎማ ጥቁረት በአንድ ጎኑ ተለጥፎበት ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ተቀምጧል፤ መኪናዋ ከቆመችበት ከፍ ብሎ፣ በጋቢናው በኩል።

«ሽቅብ ነው የተንሸራተተው?»

ዘካርያስ ፊቱን ወደ ዳገቱ አዞረ። በዚያ አገር መንገድ የሚሄድ ሰው የሾፌሮችን ታኮ ያውቀዋል። ድንጋዩን ጎማ ሥር ያስገቡታል፣ ሲሄዱ እዚያው ጥለውት ይሄዳሉ፣ ከኋላ የሚመጣው ይጋጭበታል፣ ይራገማል። አንስቶ ቦይ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሾፌር ከመቶ አንድ ነው።

«አንተ የት ነበርህ?»

«የላላውን የሚተካ ብሎን ልገዛ ወደ ጋሽ ጁነይዲ ሱቅ ወጣሁ። ዝግ ሆኖ አገኘሁት። ስጠብቅ ቆይቼ ባዶ እጄን ተመለስሁ። ስደርስ… ሰው ተሰብስቧል» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ጣቢያው ውስጥ ይታየው እጁን በሰንሰለት ታስሮ ግድግዳ ተደግፏል። ከሷ ይልቅ በሩን ነው የሚያየው፤ ከበሩ ወዲያ አዲሱ አለ።

«በረከት በስልክ ጠራኝ» አለ። «'መፍቻ ይዘህ ናልኝ፣ ደግሞም በረቡዑ ይቅር በለኝ' አለኝ። ስደርስ አልቆ ነበር። ሰው ልጠራ ነው የሮጥሁት፣ እመብርሃንን! ገዳይ ቢሆን የመፍቻ ሣጥኑን ጥሎ ይሮጣል?»

«ለመኪና ታኮ ምን ትጠቀማለህ?»

«እኔ? ሁለት ግንድ ጠርቤ አስቀምጫለሁ። ድንጋይ አላምንም፣ ይፈረከሳል።»

«ከእጅ ፍሬኑ ሌላ በቅርቡ ምን ጠገንህላቸው?»

«የፊት መከላከያውን፣ ፓራውልቱን አቃንቻለሁ፣ የፊት መብራቱን ቀይሬያለሁ። ከጥምቀት በኋላ ነው። በሬ ገጨን ብለው አመጡት።»

«ማን ነው በሬ ያለው?»

«ዘካርያስ። በረከት እንኳ ያን ቀን አፉ ተለጉሞ ነበር።»

«የማን በሬ?»

ይታየው ትከሻውን ነቀነቀ። «እንጃ። የሰው በሬ ነዋ።»

ዓለምጸሐይ ወጣች። በረንዳው ላይ ቆማ፣ በሬው ተገጭቶበት ዝም ያለ ገበሬ በሕይወቷ ሰምታ እንደሆነ አሰበች።

ጋሽ ጁነይዲ ሻይ ቤትም መለዋወጫ ሱቅም ያላቸው፣ በከተማው የተከበሩ እስላም ነጋዴ ናቸው። ከሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ሌላው ወጣት ኳስ ሲያይ፣ እሳቸው፣ በረከት፣ ዘካርያስና ይታየው የመኪና እሽቅድምድም ያዩበታል፤ ያውም ሃያ አራት ሰዓት ያለማቋረጥ የሚነዳውን፣ ሾፌሮቹ እየተቀያየሩ አንድ መኪና የሚያደክሙበትን። ቅጂው ከባሕር ዳር በፍላሽ ይመጣላቸዋል።

«የኛን ሰዎች የያዛቸው መቀያየሩ ነው» አሉ ጋሽ ጁነይዲ። «'ይኼ የኛ ኑሮ ነው' ይሉ ነበር በረከትና ዘካርያስ። እንግሊዝኛው አይገባንም፣ ድምፁን ዘግተን የራሳችንን እናወራለን። ለሁሉም ስም አውጥተንለታል።»

«ምን ምን የሚል?»

«መኪኖች ሲጋጩ መንገዱ እስኪጸዳ አንድ መኪና ይገባል። ሁሉም ከኋላው ተሰልፎ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ መቅደም ክልክል ነው። እሱን ሽማግሌ እንለዋለን። ሲጣሉ መሀል ገብቶ የሚያስቆም ሌላ ማን አለ?»

«ረቡዕ ምን ሆነ?»

ጋሽ ጁነይዲ ተነፈሱ። «ጉደኛ ግጭት ነበር። በዚያ ውድድር ፈጣኑም ቀርፋፋውም መኪና በአንድ መንገድ ነው የሚሄደው። መሪ የነበረው ቀይ መኪና ከኋላ መጥቶ አንዱን ቀርፋፋ ገጨው፣ ከግንቡ ላተመው፣ እሱ ግን ሳይቆም ሄደ። ይታየው የቀዩ ደጋፊ ነው። 'የቀርፋፋው ጥፋት ነው፣ መስታወቱን አያይም?' አለ። በረከት ብድግ አለ። 'መንገዱ የሱም ነው! ቀስ ብሎ የሄደ ሁሉ ይገደል?' ይታየው ሳቀ። 'ውድድር ነው ወንድሜ፣ ለገጨው ሁሉ ከቆመማ ማን አንደኛ ይወጣል?' በረከት የሻይ ብርጭቆውን ወረወረው። 'ገጭቶ ለሄደ ታጨበጭባለህ?' ብሎ ጮኸ፣ እንባው ወረደ። በቴሌቪዥን ነገር እንባ! ይታየውም ተናዶ ያን ክፉ ቃል ተናገረ።»

«ዘካርያስስ?»

«ዝም አለ። ለወትሮው ከሁላችንም በላይ የሚጮኸው እሱ ነበር።»

«በረከትስ በዚያው ወጣ?»

«ኧረ የለም፣ ተረጋጋና ተቀመጠ። 'ግድ የለም፣ ቅዳሜ ሽማግሌ ይገባል፤ ያኔ ሁላችንም እንቆማለን' አለ። ከዘካርያስ በቀር ሁላችን ሳቅን፣ በዚያው በረደ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው። ዛሬ የምታዩት ውድድር ነበር?»

ጋሽ ጁነይዲ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «የለም። የሚቀጥለው ከፋሲካ በኋላ ነው። ምነው?»

«እንዲያው ነው። አርብ እኩለ ቀን ላይ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ጁምዓ ነዋ፣ ልጄ! መስጊድ። አርብ በዚያ ሰዓት ሱቄ ተከፍቶ አያውቅም፣ የከተማው ሕፃን እንኳ ያውቃል።»

የበረከት ሚስት ብርነሽ ከለቅሶው ድንኳን ጥግ፣ በሴቶች መካከል ተቀምጣለች። አልቅሳ ጨርሳለች፣ ድምፅ አልቀረላትም። ዓለምጸሐይ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ከመቼ ወዲህ ነው የተለወጠው?»

«ከጥምቀት ወዲህ፣ አርብ ገበያ ከምትባለው ከተማ ጭነው ከተመለሱ ጀምሮ። እህል እየጠላ፣ እንቅልፍ እየጠላ ሄደ። 'ምን ሆንህብኝ?' ስለው 'ይደርሳል' ይለኛል። ሐሙስ ግን ደስ ብሎት ገባ። በላ። 'ሸክሜን ላወርድ ነው' አለኝ።»

«ከአርብ ገበያ ሲመለሱ የሚነዳው ማን ነበር?»

«ዘካርያስ። የኔው ሲሄዱ ነድቶ፣ ሲመለሱ ይተኛል።»

የነፍስ አባቱን ቄስ ጓዴን ያገኘቻቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ነው።

«ንስሐ አይወራም» አሏት ገና ሳትጠይቅ።

«ንስሐውን አልጠየቅሁም፣ አባ። ዛሬ ቀብሩ ባይኖር የት ይሄዱ ነበር?»

«ወደ አርብ ገበያ። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር።»

«ለደም ዕርቅ?»

«የተጀመረ ዕርቅ ሳይፈጸም አይነገርም። ላኪውም ዛሬ ተቀበረ፤ ነገሩ አብሮት የተቀበረ መስሎኝ ነበር።»

ያን ምሽት ወደ አርብ ገበያ ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ደወለች። መልሱ እንደ ፈራችው ሆነ። ከጥምቀት ማግስት በነበረው የገበያ ቀን፣ ምሥራቅ የምትባል የሁለት ልጆች እናት አህያዋን እየነዳች ከገበያ ስትመለስ መኪና ገጭቶ ገድሏት ሄዷል። አህያዋ ብቻዋን ቤት ገባች። የመኪናው ማንነት አልታወቀም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉንም ጋሽ ጁነይዲ ሻይ ቤት ሰበሰበቻቸው። ይታየው በሁለት ፖሊሶች መካከል እንደ ታሰረ መጣ። አዲሱ ከፊቱ ተቀምጦ ዓይኑን ከሱ ላይ አላነሣም። ብርነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፣ ቄስ ጓዴ ከበሩ አጠገብ ናቸው፣ ዘካርያስ ከተዘጋው ቴሌቪዥን ሥር። በሩ ላይም ፖሊስ ቆሟል።

«አዲሱ» አለች ዓለምጸሐይ፣ «ነገሩን ለአንተ ነው የምነግርህ፤ ከተሳሳትህ ሌላ እናት ታለቅሳለችና። ወንድምህን የገደለው ፍሬን አይደለም። ፍሬኑ ደኅና ነው፣ ራሴ ሞክሬዋለሁ። አንድ ሰው ጋቢና ገብቶ ለቆታል።»

«ተስቦ ነው የተገኘው ይላሉ እኮ።»

«አዎ። ለቀቀው፣ መኪናዋ ሸሸች፣ አጥሩ ጋ ቆመች። ከዚያ ሲወርድ መልሶ ሳበው። ለምን? ሾፌር ከጋቢና ሲወርድ የእጅ ፍሬን ሳይስብ አይወርድማ። ልቡ የሚሠራውን እጁ አላወቀለትም። ድንጋዩንም እንዲሁ። ከጎማው ሥር አወጣው፤ ሌላው ቢሆን መንገድ ላይ ይጥለው ነበር። እሱ ግን ወደ ጋቢናው ሲሄድ በመንገዱ አንስቶ ቦይ ውስጥ አስቀመጠው፣ ሰው እንዳይጋጭበት። ጠንቃቃ ሾፌር ነው።»

አዲሱ በጣቱ ወደ ይታየው አመለከተ። «ይኼም መኪና ይነዳል።»

«ይነዳል። ግን ይህን ሰው ለመግደል ምን ምክንያት አለው? ስለ ቀይ መኪና? በዚህ ቤት ስለ እሽቅድምድም ስንቴ ተሰዳድበው ስንቴ አብረው ሻይ ጠጡ። የረቡዑ ጠብ የቴሌቪዥን ጠብ አልነበረም። በረከት 'ገጭቶ ሄደ' ብሎ ያለቀሰው ለሌላ ነው።» ወደ ጋሽ ጁነይዲ ዞረች። «'ቅዳሜ ሽማግሌ ይገባል' ሲል ሳቃችሁ። የገዛ ቃላችሁ አታለላችሁ። ቅዳሜ ውድድር አልነበረም። የገዛ አገራችሁን ሽማግሌ ረስታችሁ የቴሌቪዥኑን አሰባችሁ። እሱ የሚለው አርብ ገበያ ሊልከው የነበረውን እውነተኛውን ሽማግሌ ነው፤ ለምሥራቅ ቤተሰብ፣ ለደም ዕርቅ።»

«ላ ኢላሀ ኢለላህ» አሉ ጋሽ ጁነይዲ በዝግታ።

«ቃሉ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያልሳቀው። ለመካኒኩ 'በሬ ገጨን' ያለው። ባለቤት ያልጮኸለት፣ ካሣ ያልተጠየቀበት፣ መንገድ ያልተዘጋለት በሬ በዚህ አገር ተወልዶ አያውቅም። ከአርብ ገበያ ሲመለሱ መሪው ላይ የነበረውም እሱ ነው። አርብ በጁምዓ ሰዓት ጋሽ ጁነይዲን ሱቃቸው በር ላይ ጠበቅሁ ያለውም እሱ ነው፤ ስንት ዓመት የኖረበት ከተማ ድንገት የጠፋበት።»

ሁሉም ወደ ዘካርያስ ዞሩ።

«በረከት ከሥር ሆኖ ጫማህን አይቷል» አለችው። «ብሎን ይዘህ የመጣህ መስሎታል።»

ዘካርያስ ለመካድ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ተኝቶ ነበር» አለ። «ድምፁ ቀሰቀሰው። 'ምንድን ነው?' አለኝ። 'በሬ ነው' አልሁት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አርብ ገበያ ላይ እውነቱን ሰማ። ከዚያ ወዲህ ዕለት ዕለት ያየኛል፤ ምንም አይለኝም፣ ያየኛል። ረቡዕ 'ሽማግሌ ይገባል' ሲል ለእኔ መሆኑን አወቅሁ። ስሜን ሊሰጥ ነው። ልጆቼን ማን ያሳድጋል? የሴትዮዋ ዘመዶች ያኖሩኛል? አንድ ቀን ቢሰጠኝ እኮ…»

አዲሱ ተነሣ፤ ሁለት ፖሊሶች ያዙት። በዚህ መሀል ነው ቄስ ጓዴ መቋሚያቸውን ተደግፈው የቆሙት።

«ልቀቁት፣ ይስማ። በረከት ይህን በንስሐ አልነገረኝም፤ ሽማግሌ ሁኑልኝ ብሎ ሲለምነን ለሦስታችንም የነገረን ነው። ላኪው ሞቷል፣ እናገራለሁ።» ወደ ዘካርያስ አዩ። «ስምህን ከአፉ አላወጣም። 'አባ፣ ሰው ገጭቼ ሄጃለሁ' ነው ያለን። 'መሪው ላይ እኔ ነበርሁ፤ ጓደኛዬ ተኝቶ ነበር። እኔ ገና አልወለድሁም፤ የሚመጣውን ልቀበል' አለ። ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ሁለት ጊዜ 'እኔ ነኝ' አለኝ።»

ዓለምጸሐይ ይህን አልጠበቀችም። የይታየውን ሰንሰለት ልትፈታ ያወጣችውን ቁልፍ እንደ ያዘች ቆመች። ከዚያ ፈታችው፣ ይታየውም የተላላጠ እጁን እያሻሸ ከመቀመጫው ሳይነሣ ቀረ። አዲሱ አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ያየው ዘካርያስን ሳይሆን ይታየውን ነው፤ «ይቅር በለኝ» አለው።

ዘካርያስ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ለምን አልነገረኝም?» አለ። «ለምንድን ነው ያልነገረኝ?»

ብርነሽ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«ብትጠይቀው ይነግርህ ነበር» አለችው። «ከጥምቀት እስከ ትናንት ወዲያ አጠገብህ ነበር የሚቀመጠው።»